ሦስት ዐሥረኛ ግሬን

ጥይቱን በገዛ እጁ የሚሞላ ተኳሽ ባለበት አገር ሁሉ ከአሥሩ አንዱ መዛኝ ነው። ዘጠኙ ቀለሁን ያጸዳሉ፣ ባሩዱን ይጨምራሉ፣ አረሩን ጫፉ ላይ ይሰኩና ወደ ሜዳ ይወጣሉ። አሥረኛው ግን ገና አረሩን እየመዘነ ነው። ዘጠኙ አጋዘናቸውን ጥለው፣ ገፈው፣ ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተው ሲመለሱ ያን ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ያገኙታል። በመነጽሩ አናት አሻግሮ እያያቸውም "ይቺኛዋ ትንሽ አነሰችብኝ" ይላቸዋል።

በሞንታና የምንገኘው የድራይ ፎርክ ተኳሾች ክበብ አባላት የራሳችን መዛኝ አለን፤ ክቡር ሊቀ ሚዛን አቶ ኦርቪል ትቬት ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን። ለሠላሳ ስምንት ዓመት በባቡር ሐዲዱ ዳር ባለው ጎተራ የገበሬውን ስንዴ ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ከዚህ በኋላ አንቱታውን ብተወው ደስ ይለኛል፤ አርባ ዓመት አብሮኝ ያደነን ሰው አንቱ ማለት አፌ እሺ አይለኝም።

ግሬን ማለት ጥንት በአንዲት የገብስ ፍሬ የተለካ ክብደት ነው። ኦርቪልን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ከገብስ ፍሬም ያነሰ ነገር ነበር። አረሮቹ እያንዳንዳቸው መቶ ሠላሳ ግሬን ተብለው በሣጥን ይሸጣሉ። እሱ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ እያስቀመጠ "መቶ ሠላሳ ከአንድ ዐሥረኛ፣ መቶ ሠላሳ ከሁለት ዐሥረኛ" እያለ ይለያቸዋል። የሚለያቸውም በሚስቱ በቨርና የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው አሥራ ሁለት ጉድጓድ አለው፤ ለየጉድጓዱ ቁጥር ተጽፎለታል። በዚህ ምክንያት ቨርና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትንንሽ ኬክ አልጋገረችም።

ሚዛን በተዘረጋ ጊዜ እዚያ ቤት ነፋስ አይፈቀድም። የማሞቂያው ማራገቢያ ይጠፋል። እንግዳ ቢመጣ በሩን እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ይከፍታል። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ወደ ጓሮ ይወጣል። አንድ ጥር ላይ፣ በረዶው እስከ ጉልበት ሳለ፣ ቨርና ካፖርቷን ደርባ ጓሮ ቆማ ስታነጥስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ምግብ ቤት ገብተን የፖም ፓይ ስናዝም ሁለቱን ሳህኖች በሁለት መዳፉ ያነሣና ዓይኑን ይጨፍናል።

"ሌላንድ፣ ያንተ ይከብዳል።"

"ታዲያ ውሰደዋ!"

"ቁም ነገሩ መውሰዱ አይደለም። ማወቁ ነው።"

እኔ ሌላንድ ፕሩዊት ከዘጠኙ ወገን ነኝ። ስለዚህ ሲያገኘኝ ሁልጊዜ የሚጀምረው በእኔ ሣጥን ነበር። ከምገዛው ዓይነት አረር እሱም ይገዛና፣ መዝኖ ጉድለት ሲያገኝበት፣ የቤት ቃጠሎ እንደሚያስታውቅ ሰው ይጮኻል፦ "ሦስት ዐሥረኛ! ሦስት ዐሥረኛ ግሬን ጎደለው!"

"አጋዘኑ መጉደሉን በምን ያውቃል?" እለዋለሁ።

"እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ።"

"ታዲያ የምንተኩሰው አንተን ነው እንዴ?"

"ሳቅ፣ ሳቅ። ሦስት መቶ ያርድ ላይ ስትስት እናይሃለን።"

"እኔ የምስተው እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።"

"ለሱም መድኃኒቱ መጠንቀቅ ነው። ጠርጥር፤ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።"

ይህ ክርክር ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ የክበባችን ጸሐፊ ሜቪስ ስቶክዌል ሰለቻት። ሜቪስ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ አነጣጥራ ስትተኩስም ሁለታችንን ታስንቃለች። "ሁለታችሁም አፋችሁን ዝጉና እንፈትነው" አለች።

ፈተናው እንዲህ ነበር። ኦርቪል አርባ ጥይት ሞላ። ሃያዎቹ አንድ ዓይነት እስኪሆኑ የተመዘኑ አረሮች ነበሩ፤ ሃያዎቹ ከሣጥን እንደወጡ የተሰኩ። ቀለሁም ባሩዱም አንድ ነው። ሜቪስ ለብቻዋ ወስዳ የቀለሆቹን ቂጥ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ምልክት አደረገችባቸው፤ የትኛው ቀለም የቱ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መስከረም ላይ፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት አንድ ጠዋት፣ ኦርቪል ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ በሁለት መቶ ያርድ አርባውንም ተኮሰ። አተኳኮሱ እንዴት ያምር እንደነበር ብናገር ውሸት አይደለም። ትንፋሹን ሲገታ ሜዳው ሁሉ አብሮት ይገታ ነበር።

ሜቪስ የኢላማ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የቀዳዳዎቹን መራራቅ ለካች፤ ደመረች፤ አካፈለች። ቀና ብላም፣ "የተመዘኑት አንድ ኢንች ከሦስት ስምንተኛ፤ ያልተመዘኑት አንድ ኢንች ከሩብ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ካለም ያልተመዘኑት በፀጉር ስፋት ይሻላሉ" አለች።

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ባርኔጣዬን ወደ ሰማይ ወረወርኩ።

"ምልክቱን አላምታታሽውም ሜቪስ?" አለ ኦርቪል በዝግታ።

"ሠላሳ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ ኦርቪል።"

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። አጣጥፎ ኪሱ ከተታቸው። ጠመንጃውን ጠቅልሎ፣ "መልካም ቀን" ብሎን ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ክበቡ አልመጣም። በተከታዩም አልመጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ቨርና ስልክ ደወለች። "ሌላንድ፣ የኬክ መጋገሪያዬን መለሰልኝ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ!"

"ምን ደስታ አለው? ቁጥሮቹን ፍቆ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ነው የመለሰው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተጎልቶ የሰው መኪና ያያል። ምሳ ብላ ስለው 'በኋላ' ይለኛል። ጡረታ በወጣ ሰሞን እንዲህ ሆኖ ምን ያህል እንደከሳ ታስታውሳለህ። አንድ ነገር አድርግ። ያፈረስከው አንተ ነህ።"

እውነቷን ነው። ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አንድን ሽማግሌ በሦስት ዐሥረኛ ግሬን አሸንፌ ያተረፍኩት አንድ ወንበር ባዶ ማድረግ ሆነ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነሐሴ ላይ ለአደን የሞላኋቸውን ሃምሳ ጥይቶች ይዤ ሄድኩ። ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው፦ ሥራ ልስጠው። ለታመመ ሰው ሾርባ እንደሚወሰድ ነው የወሰድኩለት።

"እስቲ መዝንልኝ" አልኩት። "የአደኑ ወቅት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እጄን አላምነውም።"

ከመስኮቱ ዞር ሳይል፣ "ልታሾፍብኝ መጣህ?" አለ።

"አይደለም ወንድሜ።"

"ተሞልቶ ያለቀ ጥይት ቢመዘን ምን ይፈይዳል? ቀለሁ ራሱ ይለያያል። ወረቀቱን አይተኸው የለ? አረሩም ቢለያይ ለውጥ የለውም ተብሏል። ባርኔጣም ተወርውሯል።"

ይህችን ስቄ ማለፍ አቃተኝ። "ባርኔጣው ጥፋት ነበር" አልኩ። "መዝንልኝ፤ እባክህ።"

ኦርቪል ተነሥቶ ሚዛኑን ከቁም ሣጥን አወጣ፤ አቧራውን በመሀረብ ጠረገለት። ቨርና ማንም ሳይነግራት ማራገቢያውን አጠፋች።

አሥር መዘነ። ሃያ መዘነ። የግሬን ሽርፍራፊ፣ ሲበዛ ሁለት ሦስት ግሬን ነበር የሚለያዩት፤ ይህም የቀለህ ወግ ነው አለኝ። ፊቱ ላይ ትንሽ ደም ተመልሶ ነበርና በሐሳቤ ደግነቴን ማመስገን ጀምሬ ነበር። ሠላሳ አንደኛውን ሲያስቀምጥ የሚዛኑ ክንድ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ቀረ። አነሣው፤ መልሶ አስቀመጠው። ሦስተኛም ጊዜ።

"ምነው፣ ሦስት ዐሥረኛ ጎደለው?" አልኩ፣ እንደ ድሮው ላጫውተው ብዬ።

"ሃምሳ አምስት" አለ ኦርቪል። "ሃምሳ አምስት ሙሉ ግሬን።"

እኔ አንድ ጥይት ውስጥ የምጨምረው ባሩድ ሃምሳ አምስት ግሬን ነው። ኦርቪል አረሩን ነቅሎ ቀለሁን ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጠው። ምንም አልወረደም። መታ መታ አደረገው። ምንም።

ጥይት ሞልቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ባሩድ የሌለው ጥይት ሲተኮስ እሳት የምትጭረው የኋላዋ ቆብ ብቻዋን ጠሽ ትላለች፤ አረሩንም እስከ አፈሙዝ ማድረስ አቅቷት መንገድ ላይ፣ ከቱቦው ውስጥ ልትተወው ትችላለች። አዳኙ አጋዘን ፊቱ ቆሞበት ሳለ ከሸፈ ብሎ ሌላ ያጎርሳል። ሁለተኛው አረር የተወተፈውን ሲገጨው ብረቱ ይፈነዳል። የሚፈነዳውም ቀኝ ዓይኑ ካለበት አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። "ባሩድ ጨምሬ ስጨርስ ውስጡን በባትሪ ሳላይ አረር ሰክቼ አላውቅም" አልኩ። "እንዴት አመለጠኝ?"

"አንድ ነገር አቋርጦህ ይሆናል።"

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቀለሆቹን ደርድሬ ባሩድ እየጨመርኩ፣ ስልክ ጮኸ። ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ተናድጄ ተመለስኩና ከየት እንዳቆምኩ ሳላጣራ፣ ባትሪውንም ሳላነሣ፣ ያቆምኩበት ከመሰለኝ ቀጠልኩ።

"ማን ነበር የደወለው?" አለ ኦርቪል።

ያልተመዘኑትን ጥይቶች ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት።

"ማን ነበር ሌላንድ?"

"አንተ ነህ። ከኔ ዓይነት አረር አንዱ ሦስት ዐሥረኛ ጎደለ ብለህ።"

ቨርና አፏን በፎጣ ያዘች። ኦርቪል ባዶውን ቀለህ በጣቶቹ አዟዟረው፤ ስቆ የማያውቅ ሰው እንደሚስቅ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም ተከተልኩት። ሚዛኑ በትንፋሻችን ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ማንም ወደ ጓሮ ውጣ አላለንም። ሲበርድለት የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ መዘነልኝ፤ አንዱም ባዶ አልነበረም።

ያን ዓመት አጋዘኔን በሁለት ዓይኔ አየሁት። ከዚያም አሥራ ሁለት የአደን ወቅት አልፏል፤ ሁሉንም አይቻለሁ። ሦስት ዐሥረኛ ግሬን የአረርን መንገድ ያቀናል ብዬ ዛሬም አላምንም፤ የሜቪስ ሒሳብ ትክክል ነበር። ቢሆንም በየመስከረሙ ሣጥኔን ተሸክሜ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ስለ ወረቀቱም ሆነ ስለ ባርኔጣው ማናችንም አንሥተን አናውቅም።

ያን ዕለት በር ድረስ ሸኝቶኝ እንዲህ አለኝ፦ "ከእንግዲህ ባሩድ ስትጨምር ስልኩን ንቀለው።"

"አንተ የደወልክ እንደሆነስ?"

"በተለይ እኔ የደወልኩ እንደሆነ።"

አልነቀልኩትም። ሲጮህ የያዝኩትን ቀለህ እሞላለሁ፤ ያልተሞላውን አፉን ወደ ታች እደፋዋለሁ፤ ከዚያ ወንበሬን ወደ ስልኩ አስጠግቼ አነሣና እስኪጨርስ ድረስ እሰማዋለሁ።