ጋሼ አቤሴሎም፣ የጃፓን ሕግና የአባታቸው ምንሽር

የምሥራች! ገባ! ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ በባጃጅ ተጭኖ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ስለ አንድ አሮጌ ምንሽር ነው የማወራችሁ። ምሥራቹ የባለቤቱ የጋሼ አቤሴሎም ነው፤ ወይም የእህቴ። ለማን ይበልጥ እንደሚገባ እናንተው ፍረዱ።

ከሻሸመኔ አልፎ ሳያውቅ የዓለምን ሕግ በአንቀጽ የሚቆጥር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ሰፈር የግብር ሕግ አዋቂ ይደርሰዋል፣ ሌላው የፍቺ። ለእኛ ለሆሳዕናዎቹ የደረሰን የጦር መሣሪያ ነው። ክቡር ጋሼ አቤሴሎም ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። “ወደ ሌላው ዓለም ስንመጣ…” ካሉ አለቀ፤ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ ዓለምን ይዞራል።

ፈትሁዲን ፀጉር ቤት፣ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እያለ እንኳ አያርፉም።

“አንተ ፈትሁዲን፣ ጃፓን ውስጥ አንድ የአደን ጠመንጃ ለመያዝ ምን እንደሚጠየቅ ታውቃለህ?”

“ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱብኝ፣ እቆርጥዎታለሁ።”

“ትምህርት! የጽሑፍ ፈተና! የተኩስ ፈተና! የሐኪም ወረቀት! ፖሊስ ቤትህ ድረስ መጥቶ ማስቀመጫውን ያያል!”

“እኔንም ለዚች ፀጉር ቤት ፈቃድ እንደዚያው ነው ያንገላቱኝ።”

ሠርግ ላይ አፉን ጉርሻ የሞላውን ሙሽራ ይዘው “አሜሪካ ውስጥ ከሰው ይልቅ ጠመንጃ ይበዛል” አሉት። የእድር ስብሰባ ስለ ፕላስቲክ ወንበር ሲነጋገር አውስትራሊያ ገቡ፦ መንግሥት መሣሪያውን ከሕዝቡ እየገዛ እንዴት እንዳጠፋው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱ። “ወንበሩስ?” አለ ሊቀ መንበሩ። ጋሼ ግን ስዊዘርላንድ ደርሰው ነበር፤ ወታደሩ ጠመንጃውን ቤቱ ይዞ ሲገባ።

አንድ አገር ብቻ አይነኩም። “የኛስ አዋጅ ምን ይላል?” የሚላቸው ካለ ሰዓታቸውን አይተው ይነሳሉ። የኛም አዋጅ ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃላ! የአባታቸው ምንሽር ደግሞ ያለ ፈቃድ ከቁም ሳጥን ኋላ ቆማ ኖራለች።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ።

በኛ ወግ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረስ ይጋለባል፣ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ያልተተኮሰለት ሽማግሌ እንደ ውሻ ተቀበረ ይባላል። የዛሬ ሦስት ዓመት ዶዮገና ላይ፣ በአንድ ለቅሶ፣ ሦስት ሰዎች ተኮሱ። ከተተኮሰው አንዷ ጥይት ተመልሳ ወረደች፤ ለለቅሰኛ ቆጮ ተሸክማ የምትሄድ የእህቴ የገነቴ ቀኝ ትከሻ ውስጥ ገባች። ገነቴ ነርስ ናት። ዛሬ የግሉኮስ ከረጢት መስቀል አትችልም፤ እጇ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም።

ሦስቱም ቀለሃቸውን ለቅመው ኪሳቸው ከተቱ። ሽማግሌ ሦስት ቀን ተቀምጦ ፈረደ፦ “ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ባለቤት የለውም።” ከተኳሾቹ አንዱ ሞተ። ሁለተኛው ጠመንጃውን ሸጦ ሾኔ ገባ፤ ማን እንደገዛው የጠየቀ የለም። ሦስተኛው ጋሼ አቤሴሎም ናቸው። የሌላ አገር ሕግ ማንበብ የጀመሩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ገነቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶ አልረገጠችም። በኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ሰው በቁሙ የተቀበረ ነው። “ተኩስ የሌለበት ለቅሶ ሲኖር ጥሩኝ” ትላለች፤ ይስቁባታል። ትናንት ማለዳ ደግሞ የክርስትና አባቷ አቶ ኤሊያስ ዶዮገና ላይ አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው። ማን ይተኩስ? የሟች የወንድም ልጅ፣ ታላቁ፦ ጋሼ አቤሴሎም! እህቴ ማታ ስታለቅስ “የክርስትና አባቴን እንኳ አፈር ላላለብሰው ነው?” አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ በራችንን አንኳኩ። ክንዳቸው ውስጥ በአንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ።

“ልበስና ና። ምስክር እፈልጋለሁ።”

ባጃጅ ውስጥ አንድም አገር አላነሱም። ፈራሁ። ጣቢያ ስንደርስ ፖሊሱ “እስከ ዛሬ የት ነበሩ አባቴ? ለምን አሁን?” አላቸው። ጃፓን መጣች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ሦስት ዓመት የሰው አገር ሕግ አነበብኩ፣ ልጄ” አሉ። “ዶዮገና ለቅሶ ላይ ነርሷን የመታችው ጥይት የማን እንደነበረች የሚነግረኝ አጣሁ። በቃ፣ የኔ ናት ብለህ መዝግብልኝ።”

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አቆመ። “አባቴ፣ ቅጹ ላይ የመሣሪያ መመዝገቢያ እንጂ ለሱ ቦታ የለም።”

“እንግዲያው ጠርዙ ላይ ጻፍልኝ።”

ጻፈላቸው።

ደጅ ስንወጣ የአክስታቸው ልጅ ሚክያስ ከዶዮገና ደወለ፤ ድምፁ ለኔም ይሰማል። “ጋሼ፣ ምንሽሯን እንዳይረሱ! ከሷ ሌላ ጠመንጃ የለንም፤ ቤተ ዘመዱ ይጠብቃል።”

“አስረክቤያታለሁ።”

“ምን? ታዲያ ሰውዬው እንደ ውሻ ሊቀበሩ ነው?”

“በጸሎት ይቀበራሉ።”

“እንግዲህ ከዘመድ የሚቆጥርዎት የለም! ቀሚስ ለብሰው ይምጡ!”

ስልኩን ዘጉ። “ለእህትህ አንተ ንገራት” አሉኝ፤ “እኔ በምን ዓይኔ አያታለሁ?”

ሦስት ዓመት ሰውዬውን ጠልቻለሁ። እድር ላይ ወንበሬን አርቄ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን፣ እግዜር ይይላቸው፣ እኚህን የዓለም ለፍላፊ አቅፌ እመንገድ ላይ ሳምኳቸው። የእህቴን ትከሻ አላዳኑም፤ የሚያድነውም የለም። ነገ ግን ከሰው ጋር ቆማ ታለቅሳለች።

በሉ ይቅርታ፣ ገነቴ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ገና አልሰማችም። ጥቁር ቀሚሷ ፀሐይ ሳለ መታጠብ አለበት፤ ገመድ ላይ የማሰጣላት ደግሞ እኔ ነኝ። ልሩጥ!