ፍሬም የገባው ኮድ

መሥሪያ ቤት የሚመዘነው በሚሰጠው አገልግሎት ነው የሚል ኋላቀር አስተሳሰብ አለ። የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ይህን አስተሳሰብ ታግለው ጥለዋል። ትግሉ የተጀመረው ወጣቷ ፕሮግራመር ባለጉዳዮችን በቁጥር የሚጠራውን የወረፋ ማሽን ኮድ በወረቀት አትማ ቢሯቸው የገባች ቀን ነው።

ማሽኑ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ይጠራና ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። መቶኛው ባለጉዳይ እንደተቀመጠ ይመሽበታል። ስምንተኛው መስመር ላይ አንዲት አኃዝ ብትጨመር ነገሩ ያበቃል፤ የጎደለው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን በሁለት ጣት አንሥተው የለቅሶ ማስታወቂያ እንደሚመስል ነገሯት።

ፕሮግራመሯ ፊርማውን ቶሎ ለማግኘት ስትል ላይብረሪ የሚሉትን ዝግጁ ፕሮግራም ፈልጋ አገኘች፤ ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ለማንም እንዲጠቅም ያስቀመጡት፣ ደረቅ ኮድ ሲሰጡት ያማረ ምስል አድርጎ የሚመልስ። ፊደሉን በቀለም ያሸበርቀዋል፣ ጀርባውን ያጠቁረዋል፣ ማዕዘኑን ክብ ያደርገዋል። ሥራ አስኪያጁ ምስሉን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አድርገው ምስሉን እንደገና አዩት።

በማግሥቱ የኮድ ገጽታ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስለ ጀርባው ቀለም ሰባት ስብሰባ ተደረገ፤ የሐምራዊና የሰማያዊ ደጋፊዎች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። በመጨረሻ ምስሉ የበር ያህል ሆኖ ታተመ፣ ወርቃማ ፍሬም ተሠራለት፣ በባለጉዳዮች አዳራሽ ተሰቀለ። በምስል ያልቀረበ ኮድ እንደ ኮድ እንደማይቆጠርም በሰርኩላር ተገለጸ። ፕሮግራመሯ ማሽኑ ምስል ማንበብ እንደማይችል ስታስረዳ፣ ማሽኑ ሥልጠና እንዲሰጠው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ኮዱ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት መቶ ቁጥር ደርሷቸው ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ከፍሬሙ ሥር ተቀመጡ። ቧንቧቸው ከደረቀ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ ግድግዳውን አነበቡ፤ ከዚያ በአጠገባቸው የምታልፈውን ፕሮግራመር ጠሩ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ስምንተኛው መስመር ዘጠና ዘጠኝ ሲደርስ ወደ አንድ ተመለስ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እኔን ማን ይጠራኛል?»

ፕሮግራመሯ ፊቷ እንደጋለ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ ያቺን አንዲት አኃዝ ለመነች። ኮሚቴው ተጠራ። ሰብሳቢው ማስመሪያ ይዞ ወጥቶ ለካ፦ ከሁሉም ረጅሙ ይኸው ስምንተኛው መስመር ነው፤ አኃዝ ከተጨመረበት ምስሉ ይሰፋል፣ ፍሬሙ ደግሞ አንዴ ተሠርቷል። ስለዚህ የባለጉዳዮች ቁጥር በቀን ከዘጠና ዘጠኝ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የበር ጠባቂው መቶኛውን ሰው በተገቢው ትሕትና እንዲመልስ ታዘዘ፤ በመምህርቲቱም ጀመረ።

ያን ዕለት ፕሮግራመሯ መልቀቂያዋን ጻፈች። አንዳች አላስቀረችም፤ በደቂቃ የሚስተካከል ስህተት ለፍሬም ሲባል መቅረቱን፣ አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካን ይዘው መመለሳቸውን፣ እሷም እዚህ ቤት መሥራቷን ለሰው መናገር ማፈሯን ዘረዘረች። ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተመለሰላት። በኅዳጉ ላይ «ይዘቱ መልካም ነው። ሆኖም ጀርባው ባዶ፣ ማዕዘኑም ሹል ስለሆነ ተስተካክሎ ይቅረብ» ይላል።

በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ደብዳቤውን እንዳለ ለዚያው ላይብረሪ ሰጠችው፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በየቀለሙ አሸብርቆ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ እንዳዩት ከግርጌው ፈረሙበትና ፍሬም እንዲሠራለት አዘዙ።

ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ በአዳራሹ አለፈች። ባለጉዳዩ ሁሉ አንገቱን ደብዳቤዋ ወደ ተሰቀለበት ሁለተኛ ፍሬም አቅንቷል። ጡረተኛዋ መምህርት፣ ዛሬ ማልደው አሥራ ሁለት ቁጥር ይዘው የገቡት፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶችን እያስጎበኙ ደረሱ። ከእንግዶቹ አንዱ ጠጋ ብሎ አነበበ፤ ጨርሶም እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ደረታቸውን ነፉ። «የመሥሪያ ቤቱ ነው» አሉ። «እያንዳንዱን መስመር አምኜበት ነው የፈረምኩት።»