ስለ ቫኑ የጣሪያ ቱቦና ስለ ጨንቻው ቀጠሮ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30
ቦታ፦ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ በእድራችን ቫን ውስጥ

የተገኙ፦
አቶ ይፍሩ፣ ሰብሳቢ
አቶ ዳልጮ፣ አባልና የዕለቱ ሽማግሌዎች መሪ
ወ/ሮ ሙባረካ፣ ገንዘብ ያዥ፤ የጸሐፊው እናት በሕይወት ስለሌሉ ዛሬ በእናት ቦታ የተገኙ
ሰሊሆም፣ ጸሐፊ
አሞጽ፣ ሾፌር፤ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው

ያልተገኙ፦ አቶ አስናቀ። ባለፈው ሳምንት የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ ከጣሪያው ወርዶ ራሳቸውን ስለመታቸው ወደ ቫኑ እንደማይመለሱ አስታውቀዋል።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ ቫኑ ይሂድ ወይስ አይሂድ

ሰብሳቢው፣ ቱቦው በመካከለኛው ወንበር ላይ ክፉኛ ስለረገበ ሳይጠገን ቫኑ ከቆመበት እንዳይነቃነቅ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው በበኩሉ ሽማግሌዎቹ ለእሱ የአገኘሽን እጅ ለመጠየቅ እስከ አምስት ሰዓት ጨንቻ መድረስ እንዳለባቸው፣ ቀጠሮው በእድሩ ስብሰባ ምክንያት ሁለት ጊዜ እንደቀረ፣ አባቷም «ለሦስተኛ ጊዜ ከቀሩ በዚያው ይቅሩ» ማለታቸውን በትሕትና አስታወሰ። ሰብሳቢው የግል ጉዳይ በአጀንዳ አለመያዙን ገለጹ።

አቶ ዳልጮ ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ብለው እንዲቀመጡ ተጠየቁ። እሳቸውም፣ «ሚስት ልለምን ነው የምሄደው። ከዚህ ጀምሬ ካጎነበስኩ እዚያ ስደርስ ምን ይቀረኛል?» በማለት ተቃወሙ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ሁለት እጅ ስለታየ ቫኑ ሳይጠገን እንዳይንቀሳቀስ ተወሰነ። አቶ ዳልጮ ተቃውመዋል፤ ጸሐፊው ጉዳዩ ስለሚመለከተው ድምፅ አልሰጠም።

ወ/ሮ ሙባረካ ወዲያው ቅሬታ አሰሙ። «እኔ የደገፍኩት ቱቦውን ነው እንጂ ሐሳቡን አይደለም! እጄን ካወረድኩማ በዳልጮ ራስ ላይ ይወድቃል» አሉ። ሰብሳቢው የተነሣ እጅ ምን እንደሚደግፍ የሚለይ ደንብ እድሩ እንደሌለው አብራርተው ቅሬታውን ሳይቀበሉት ቀሩ።

አጀንዳ 2፦ የጥገናው ዓይነት

ሰብሳቢው በሽቦ ይታሰር አሉ። ወ/ሮ ሙባረካ በማስቲሽ ይለጠፍ አሉ። ሰብሳቢው ማስቲሽ የሚሸጠው በማን ሱቅ እንደሆነ ለቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብ ጠየቁ፤ በወ/ሮ ሙባረካ ሱቅ መሆኑ ተመዝግቧል። ወ/ሮዋም «ሽቦውስ የወንድምህ ሱቅ አይደል?» በማለታቸው ይህም ተመዝግቧል።

በዚህ ጊዜ አሞጽ ካልተጠየቀ እንደማይናገር ቢነገረውም ተናገረ። ቱቦው የት ላይ እንደላላ የሚታወቀው አየር ሲገባበት እንደሆነ፣ አየሩም የሚነፍሰው መኪናው ሲሄድ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ሰብሳቢው ይህ ጉዞ ሳይሆን ምርመራ መሆኑ ተይዞ እስከ ከተማው ዳር ብቻ እንዲነዳ ፈቀዱ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ ጉዳይ

የአባያ ሐይቅ በቀኝ በኩል መታየት ሲጀምር ሰብሳቢው የከተማው ዳር የት እንዳለ ጠየቁ። አሞጽ ማዞሪያ እየፈለገ መሆኑን መለሰ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱም መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማዞር ለአባላቱ ሕይወት እንደሚያሰጋ ገለጸ። አባላቱ ቁልቁል ተመልክተው ማብራሪያውን በሙሉ ድምፅ ተቀበሉ።

ዶርዜን ሲያልፉ ወ/ሮ ሙባረካ ብርዱ ስለጠናባቸው አየር ማቀዝቀዣው እንዲጠፋ አዘዙ።

«እሱ እኮ ነፍሶ አያውቅም። እኔ ቫኑን ስረከብም የሞተ ነበር። ብርዱ የአገሩ ነው» አለ አሞጽ።

«ታዲያ በየትኛው ምርመራ ነው እዚህ ያደረስከን?» አሉ ሰብሳቢው።

«የልጁ ቀጠሮ እንዳያልፍ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ጸሐፊው በዚህ ቦታ መጻፍ ስላልቻለ ቃለ ጉባኤው ክፍተት አለበት። አቶ ዳልጮ ቱቦውን በሁለት እጃቸው ነቅለው ከወንበር ሥር አስገቡት። ድርጊቱ ያለ ውሳኔ የተፈጸመ መሆኑ ተመዝግቦ፣ ሰብሳቢውም ከጎነበሱበት አንገታቸውን ቀና በማድረጋቸው ምቾት እንደተሰማቸው ገልጸዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ቫኑ ከአገኘሽ አባት በር ሲቆም ሰብሳቢው ከባድ የሕግ ጥያቄ አነሡ። በአጀንዳ 1 መሠረት ቫኑ ከሲቀላ አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አልመጡም፤ ያልመጣ ሽማግሌም ልጅ ሊጠይቅ አይችልም። ወ/ሮ ሙባረካ፣ «ይፍሩ፣ ዛሬ ይህን ልጅ ብታስቀርብኝ ዕድሜ ልክህን አላናግርህም» አሉ። ሰብሳቢው ማሳሰቢያውን ተቀበሉ።

ከአጭር ውይይት በኋላ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከመነሻው እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በዚህ ድምፅ አሰጣጥ አሞጽም እጁን አውጥቷል፤ የተቃወመው የለም።

የአገኘሽ አባት በሩን ከፍተው፣ «እዚያ ተቀምጣችሁ ምን ትመክራላችሁ? ቤቱ ይሞቃል፣ ግቡ እንጂ!» ስላሉ ስብሰባው ከጠዋቱ 4፡55 ላይ ተበትኗል።