ትርሲት ያሳለፈቻቸው አሥር አምፖሎች

እዚህ አገር፣ አገር ውስጥ የተሠራ ዕቃ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ጥፋተኛ ነው። ንጹሕ መሆኑን የሚያስመሰክረው ራሱ ዕቃው ነው። ከውጭ የመጣው ሲበላሽ «መብራቱ ከፍ ዝቅ ብሎ ነው» እንላለን፤ የኛው ሲበላሽ ግን «አላልኳችሁም?» ነው። አትሳቁ፣ እናንተም ብላችኋል! እኔማ በዚሁ ገጽ ላይ ስንቴ ብያለሁ... የአገር ውስጥ ዚፕ፣ የአገር ውስጥ መቀስ፣ የአገር ውስጥ ጃንጥላ፣ አንዱም ከምላሴ አላመለጠም። እግዜር ደግሞ ዝም ብሎ አያይም። ባለቤቴን አምፖል ፋብሪካ አስቀጠራት።

ባለቤቴ ትርሲት ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ፣ የነበረችበት ክፍል ሲዘጋ ቤት ዋለች። ሁለት ዓመት ቤት መዋል ለሷ ቀላል አልነበረም፤ ለእኔም አልነበረም። ሥራ የለመደ ዓይን ሥራ ሲያጣ የሚመረምረው ባልን ነው። ዘንድሮ ቃሊቲ አካባቢ ኤልኢዲ አምፖል የሚገጣጥም ፋብሪካ፣ ኳሊቲ ክፍል ውስጥ ለሙከራ ጊዜ ተቀበላት። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም አየኋት፤ ደስ ብሏት ነበር፣ እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ልክ አጣና ለአክስቴ ደውዬ «ትርሲት ቃሊቲ ገባች» አልኳት። አክስቴ ስልኩን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ማረሚያ ቤቱ ሳይሆን ፋብሪካው መሆኑን አስረድቼ ሳልጨርስ ካርዴ አለቀ።

የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ፋብሪካው አንድ ትእዛዝ አወጣ። ትርሲት መርምራ «ያልፋል» ካለችው ምርት ላይ አሥር አምፖል ተነሥቶ ሰው ቤት ይግባ፤ እንደ ሰው ቤት መብራት ሲሄድ ሲመጣ እያየ ሁለት ሳምንት ይፈተን ተባለ። ውጤቱ ካማረ ምርቱ ገበያ ይወጣል፣ እሷም ቋሚ ትሆናለች። ካላማረ ምርቱም እሷም ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ያለበት ቤት ሲፈለግ እጇን አወጣች። ጸሐፊ ማለት እኮ በሰፈራችን ቋንቋ ቤት የሚውል ሰው ማለት ነው። አለቆቿ «የራስሽ ባል እንዴት ዳኛ ይሆናል?» ሲሏት፣ «ባሌን አታውቁትም፤ የአገር ውስጥ ዕቃ ከሆነ ለእናቱም አያዳላም» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

እንዲህ ሆኖ አሥር አምፖል፣ አሥር መግጠሚያ የተደረደረበት ጣውላና አንድ ቅጽ ቤቴ ገቡ። ቅጹ ላይ የበራበት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የታየ ጉድለት የሚል አለ። ከታች ደግሞ በደማቅ ቀለም፦ አምፖሎቹ አንዴ ከተገጠሙ በኋላ ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ አይነቀሉም፣ አይነኩም። አነበብኩት። ማንበብ ሙያዬ ነው፤ የማስታወሱ ነገር ላይ ነው ጣጣው።

እንግዲህ የኛ ቤት የቆመው ለአምፖል መቅጫ ነው ማለት ይቻላል። ከግቢው ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሣ መብራታችን የጧፍ ያህል ይሆናል፤ ሲቆም ደግሞ ቤቱ ቦግ ይልና ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍናለን። ፍሪጃችን የሞተው በዚህ ነው፣ ቴሌቪዥናችንም ጤናውን ያጣው በዚህ ነው። ከሁለት ሰዓት ጠዋት ጀምሬ አበራኋቸውና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ አንዱ ሲጠፋ ለማየት። ወፍጮው በርበሬ ፈጨ፣ ሽሮ ፈጨ፣ አጃ ፈጨ... አንዳቸውም ጭልጭል እንኳ አላሉም! መጥፎ አምፖል በስልክ ካሜራ ሲታይ ጥቁር መስመር ይሮጥበታል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ስልኬን ደቀንኩ፣ ምንም የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ከፋኝ። ለወሬ የሚሆን ነገር አጣሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው የጭነት መኪና አላቸው፣ እሳቸው ደግሞ አፍ አላቸው። በሁለተኛው ቀን ብቅ ብለው በጠራራ ፀሐይ አሥር መብራት በርቶ ሲያዩ፣ ምን ውድ ነገር ጠፍቶብን እንዲህ እንደምንፈልግ ጠየቁ። የመጡት ለቁም ነገር ነበር። እሑድ የልጃቸው ኒካ ነው፤ ትሪ፣ ድስት፣ ወንበር፣ ያለውን ሁሉ እንድናውሳቸው ነው። ዕቃውን ቆጥረው ሲጨርሱ ዓይናቸው ጣውላው ላይ አረፈና፣ ከዚህ ሁሉ መብራት ለድንኳኑ ሁለቷን እንደማንነፍጋቸው እርግጠኛ መሆናቸውን ነገሩኝ። አደራ ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እናያለን» ነው። በሰፈራችን «እናያለን» ማለት «እሺ፣ ይውሰዱት» ማለት መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ።

በነጋታው ጭንቀት ያዘኝ። ድግስ ሲመጣ የሰፈሩ ዕቃ ሁሉ ይቀላቀላል። ለዚህ ነው ሴቶቹ ዕቃቸው ላይ ከሥር በጥፍር ቀለም ምልክት የሚያደርጉት። የኛ ቤት ትሪ ሁሉ ከሥሩ ቀይ «ት» አለበት፤ ድግሱ ሲያልቅ ትሪ እየገለበጡ ፊደል መለየት ነው። ታዲያ ትሪ እንዲህ ከተጠበቀ የሚስቴ እንጀራ የተንጠለጠለበት አምፖል ለምን ሜዳ ላይ ይቀራል? አምፖሎቹን አጠፋሁ፤ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፤ ከሣጥኗ ላይ ያገኘሁትን ቀይ የጥፍር ቀለም ከፈትኩ፤ በአሥሩም አንገት ላይ ዙሪያውን ቀለም አስታጥቄ፣ በላዩ «ት» ጻፍኩበትና መልሼ ገጠምኳቸው። አንገታቸው መግጠሚያው ውስጥ ስለሚሰጥም ከውጭ አይታይም። ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ለእሑዱ ሠርግ የተገዛ አዲስ ቀለም መሆኑን ያወቅኩት ባዶውን ጠርሙስ ስደብቅ ነው።

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም!

ከሰዓት በኋላ ቤቱ መሽተት ጀመረ። አፍንጫዬን ወደ አንዱ አምፖል አስጠጋሁ፤ ይሸታል። ወደ ሁለተኛው፤ ይሸታል። አሥሩም! አላልኳችሁም?... አልኩ ለብቻዬ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ እንጂ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ምስክር ይሁኑኝ ብዬ እትዬ ዘይነባን ጠራሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱና፣ «የምን መቃጠል ነው የምትለኝ፤ ወላሂ ይሄ የሙሽራ ሽታ ነው፤ ልክ ልጄ ጥፍሯን የምትሠራበት ሳሎን» አሉኝ። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ሁሉም ነገር ሠርግ ሠርግ ቢሸታቸው አይፈረድም ብዬ አለፍኩ። ሴትዮዋ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ያውቃሉ?

ትርሲት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ገባች። እስከዚያ ሽታው ከርሮ የቀለጠ ፕላስቲክ ይመስል ነበር። ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጣውላው ሄዳ አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። እጇ ወደ አምፖሉ ሄደና ተመለሰ፤ አይነቀልም የተባለውን እሷ አትነቅልም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያሳለፍኳቸው» አለች።

ያኔ ነው ደስታዬ ከሆዴ ውስጥ ወጥቶ የሄደው። ፊቷን አላውቀውም ነበር። ሁለት ዓመት ቤት ስትውል እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ቅጹ በእኔ እጅ ነው ያለው፣ ሽታ በወረቀት ላይ አይቀር፣ ማን ያውቃል ብዬ ዝም ብል ምን ይመስልሻል አልኳት።

«ያሸተትከውን ጻፍ» አለች። «በኔ አምፖል የሰው ቤት ቢቃጠል ደሞዜ ከጉሮሮዬ ይወርዳል?»

ጻፍኩ። ለጉድለት የተተወችው ቦታ አንድ መስመር ናት፤ እኔ ግን ጸሐፊ ነኝና አንድ ገጽ ተኩል ቀጥያለሁ። ሽታውን በሦስት ከፍዬ፣ መነሻውን፣ እድገቱንና ፍጻሜውን ተነተንኩት። አሁን ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ትርሲት አነበበችው፣ አንድ ቃል አላረመችም፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እሑድ ጠዋት ለኒካው ስትለባብስ የጥፍር ቀለሟን ፈለገች። ሣጥኑን ገለበጠች፣ አልጋ ሥር አየች፣ እኔንም ጠየቀችኝ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ብዙ አሰርኩት። ጥፍሯን ሳትቀባ፣ ልቧ እዚያው ቅጹ ላይ እንዳለ ሠርግ ሄደች። የሚገርማችሁ እትዬ ዘይነባ ድንኳኑን ከነመብራቱ ተከራይተው ነበር፤ የኛን አምፖል የጠየቀ የለም። ትሪዎቻችን ሁሉ በ«ት» እየተለዩ ተመለሱ።

ሰኞ ቅጹን አስገባች። የእሷ ምርት ካርቶን ሁሉ ከመጋዘን እንዳይወጣ ታገደ፤ የቋሚነቷ ደብዳቤም ፊርማ ሳያገኝ ተመለሰ። እሷም ምርመራው እስኪያልቅ አምፖል እንዳትነካ ተነገራት። ማክሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ኢንጂነር ከእሷ ጋር ቤታችን መጣ። ብሩክ የሚባል ትሑት ልጅ ነው፤ የእኔን ገጽ ተኩል በእጁ ይዟል፣ አንዳንዱ ላይ አስምሮበታል። አበራቸው፣ ጠበቀ፣ አሸተተ። ከዚያ አጠፋና አንዱን አምፖል በመሐረብ ይዞ ቀስ ብሎ ነቀለው። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ‹ት› ይላል።»

ትርሲት ቀረብ አለች። ቀለሙን አየች፣ ከዚያ ጥፍሯን፣ ከዚያ እኔን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጁ ግን ገና አልጠረጠረኝም ነበር እኮ፤ ከፋብሪካ እንዲሁ ነው የመጣው ብል ሊያምነኝ ይችል ነበር። ግን ሚስቴ የሰው ቤት ቢቃጠልስ ብላ እንጀራዋን በገዛ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ወስዳ ሰጥታለች። እንዴት ልዋሽ?

«ምልክት ነው» አልኩ። «ለሠርግ ሲዋሱት እንዳይጠፋ። የጥፍር ቀለም ነው፤ እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ኢንጂነሩ ከት ብሎ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። ትርሲት አልሳቀችም። አራት ቀን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት፣ ያሳለፈቻቸውን አምፖሎች አንድ በአንድ በሐሳቧ መልሳ ስትመረምር እንዳደረች፣ ከዚያም አልፎ ዓይኗ ሥራ የተወ መስሏት ነገ ልልቀቅ ብላ እንደነበር ነገረችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እንግዳ ፊት፣ ቆሜ። ልጁ በበኩሉ ከቦርሳው ፈሳሽ አውጥቶ አሥሩንም አንገት ወለወለ፣ መልሶ ገጠመ፣ አበራ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ጠበቅን። ወፍጮው ሁለቴ ተነሣ፣ ሁለቴ ቆመ። ምንም አልሸተተም፣ ምንም አልጠፋም። ትርሲት በመጨረሻ ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማኋት።

ሙከራው እንደ አዲስ ተጀመረ። በዚህኛው መዝጋቢዋ እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ እኔ ጣውላው ያለበት ክፍል እንድገባ አይፈቀድልኝም። አሥሩም ሁለት ሳምንታቸውን እንደበሩ ጨረሱ። እገዳው ተነሣ፣ የትርሲትም የቋሚነት ደብዳቤ ወጣ። ከደብዳቤው ጋር የመጀመሪያው ቅጽ ኮፒ፣ የኢንጂነሩ ውሳኔ ተጽፎበት፣ ክብ ማኅተም አርፎበት ተሰጣት። ከገጽ ተኩል ጽሑፌ ሥር ልጁ ሁለት አጭር መስመር ጽፏል፦ «አምፖሎቹ ምንም ጉድለት የለባቸውም። የጉድለቱ መንስኤ ባልየው ነው።»

ያን ቀን ትርሲት ገና በሩን እንደገባች ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ፎቶ ላከች። ስለ ቋሚነቷ ደስ ይበላቸው ብላ መስሎኝ ነበር። የላከችው ደብዳቤውን ሳይሆን ቅጹን ነው። እናቷ ወዲያው ደወሉ፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ማኅተም አለው አይደል?» አሉ። «በይ በደንብ አስቀምጪው፤ አንድ ቀን ያስፈልግሻል።»