የሚታረሙት መምህር

ስፔሊንግ የማይሆንለት የእንግሊዝኛ አስተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት በአገሩ የለም። ካለም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ገና ያልተመደበለት ነው። የእኛው ክቡር መምህር ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብላ ባለችው ትምህርት ቤታችን ስምንተኛ ክፍልን ያስተምሩ ነበር። «ጎረቤት» ለሚለው የእንግሊዝኛውን ቃል በአንድ ሳምንት በሦስት ዓይነት ሲጽፉት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ጂኦግራፊ ሳስተምር ማዳጋስካርን ከካርታ ላይ ስለምረሳት ዝም አልኩ።

«ድምፁን ያዙ፤ ፊደሉ የት ይሄዳል!» ይላሉ። ፊደሉ ግን ይሄዳል፣ አንዳንዴም አይመለስም።

በልጅነታቸው ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ ተምረዋል። እዚያ አንዱ ሲያዜም ሌላው መጽሐፉን ገልጦ ያርመው ነበር አሉ። ይህንኑ ልማድ ወደ ክፍል አመጡት። በየቀኑ አንድ ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ሰሌዳው አጠገብ ይቆማል፤ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ተማሪው ያርማል፣ ክፍሉ ይንጫጫል። ልጆቹ የመምህራቸውን ስሕተት ለማደን ሲሉ በእረፍት ሰዓት እንኳ መዝገበ ቃላቱን ይሻሙ ነበር።

ዘንድሮ የወላጅ ኮሚቴው ሊጎበኝ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ዋሴ በር ላይ ሲደርሱ ብሩክታዊት የምትባል ተማሪ የመምህሯን ጽሑፍ እያጠፋች በሌላ ትተካለች። ክቡርነታቸው እንደ ተቀጣ ልጅ ጥግ ይዘው ቆመዋል።

«ምን ጉድ ነው?» አሉ አቶ ዋሴ። «ትልም የሚያጣምም ሰው እርፍ ይይዛል እንዴ?»

«እንድታርመኝ ያስተማርኋት እኔው ነኝ። እባክዎ ክፍሌን አይቀሙኝ» አሉ መምህሩ።

የሰማቸው የለም። ከክፍል ወጥተው የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት እንዲጠብቁ ተወሰነ። የመምህራን ተወካይ ሆኜ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ስለ ልጆቹ አንዲት ቃል መናገር ስችል አልተናገርኩም፤ እስካሁን አፍራለሁ።

የተተኩት መምህር ስፔሊንግ አይስቱም። ክፍሉም ጸጥ ብሏል።

ትናንት ጠመኔ ልወስድ ዕቃ ቤት ስሄድ ብሩክታዊት በሩ ላይ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ዛሬም ማንም አልተሳሳተም» ትላቸዋለች።

«ታዲያ ምን ተማራችሁ?»

«ምንም።»

ልጅቱ ስትሄድ ጠመኔውን ቆጥረው ሰጡኝ። እንደምወዳቸው፣ እንደበደልኳቸውም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀና ሳይሉ የዕቃ ወጪ መዝገቡን ገፋ አደረጉልኝና «ፈርም» አሉኝ።