ስድስተኛው ወንድምና የቤቴ ክዳን

እኛ የታሪክ አስተማሪዎች አንዲት ክፉ አመል አለችን። ያልተጻፈውን ሁሉ እንዳልነበረ እንቆጥራለን። ክፍል ውስጥ ሲሆን ይህ አመላችን ማንንም አይጎዳም፤ ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል፣ ሁላችንም በሰላም ወደየቤታችን እንገባለን። ችግሩ የቤታችን ክዳን የተነሣ ዕለት ነው።

ነገሩ የሆነው መንዝ ውስጥ፣ ቀየት ላይ፣ በሰኔ መግቢያ ነው። መሬት የመንግሥት ከሆነ ቆይቷል፤ አባት ቆጥሮ ርስት የሚጠይቅ የለም። ታዲያ የመንዝ ሰው አባቱን መቁጠር ተወ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ወረዳው ቅዳሜና እሁድ የአካባቢው ታሪክ የሚነገርበት ጉባኤ አዘጋጀና በሁለቱም ቀን ተናጋሪው እኔ ሆንኩ። በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ፣ ክረምቱ ሳይገባ ብዬ፣ ያረጀውን የጓሳ ሳር ክዳኔን እንዲቀይሩልኝ ጋሼ ሸዋንግዛውን ቀጥሬ ነበር። በአገሩ ከሳቸው የተሻለ ክዳን አዋቂ የለም። ሚስቴ አራስ ናት፣ ገና አሥራ ሁለተኛ ቀኗ። ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ምን ያስፈራል?

እስከ ቀትር የጣሪያውን ግማሽ ገፈው አወረዱ። «እስቲ ያንተን ወሬ ሰምቼ እመለሳለሁ» ብለው በርኖሳቸውን ደርበው ተከተሉኝ። ኮራሁ። አገሩን ያቀኑትን የሰባቱን ወንድማማቾች ትውልድ ከአንድ አሮጌ ደብተር ገልብጬ ነበርና አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። በስድስተኛው ሥር ደብተሩ ምንም አልጻፈም። «ስድስተኛው ልጅ ሳይወልድ አለፈ» ብዬ ወደ ሰባተኛው ተሻገርኩ። ጋሼ ሸዋንግዛው ብድግ አሉ፣ በርኖሳቸውን ሰበሰቡ፣ ወጡ። ጉባኤውን የሚመራው ሰው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከሱ ነው እኮ» አለኝ።

ስወጣ ደመናው ከተራራው በኩል እየወረደ ነበር። ጣሪያዬ ላይ ማንም የለም። አልጋውን ክዳን ወዳለበት ገፋን፣ ላስቲክ ወጠርን፣ አማቴ ጃንጥላ ዘርግተው ከሕፃኗ ራስ በላይ ቆሙ። ዝናቡ መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያን ዕለት ፈርቼ አላውቅም። ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር መጀመሪያ ስድስተኛውን ወንድም ረገምኩ፣ ኋላ ግን ራሴን።

እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ። ሕፃኗ ብርድ ላይ ናት።»

«እኔ ምን ላድርግ መምህር? አባቴ አልወለደም ብለሃል። ያልተወለደ ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣል?»

ደብተሬን አወጣሁና «ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከስድስተኛው ወንድም እስከ ራሳቸው አሥራ አንድ ስም ቆጠሩ። ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ፊት መሳሳቴን ተናግሬ አሥራ አንዱንም አነበብኩ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው ተከታተሉኝና ወጡ። ቤቴ ስደርስ በካፊያው ጣሪያ ላይ ናቸው። ሰንበት ነውና፣ ለካ ጠዋት ቅዳሴ ላይ «ለአራስ ነው» ብለው ቄሱን አስፈቅደው ኖሯል።

አመሻሹ ላይ ጨርሰው ወረዱ። እጃቸውን ታጥበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡና ሳልጠይቃቸው እንደገና መቁጠር ጀመሩ። አራተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ራሳቸው መውረዱን ትተው በዚያ ሰው እህት በኩል ዞሩ። ስሞቹ እየቀረቡኝ መጡ። የእናቴ አያት ተጠሩ፣ ከዚያ አያቴ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ እኔ። ለካ እሳቸውን ስሰርዝ ራሴንም ሰርዣለሁ።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ተናጋሪው አንተ ነበርክ።»

ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አሉ። «ያልተወለደችው ልጅ እንዴት አደረች?»

«ስታስነጥስ አደረች» አልኩ።