አልታጠፍ ያለው ሳጥን

ትናንት ቢሮ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምን የመሰለ ሕልም አየሁ መሰላችሁ! ኮምፒውተሮቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ እኛ ሰዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰክተናል። የእኔ ኮምፒውተር አፍንጫዬን ጫን አለና «ሙሉሰው፣ ተነስ!» አለኝ። «የገጠሩ ሆስፒታል የደም ማቀዝቀዣ ቆሟል። መጠገኛውን ይዘህ ሂድ። አንዲት እናት ምጥ ላይ ናት፤ ደሙ ከሞቀ አለቀላት።»

ክው አልኩ። መጠገኛውን ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ሌባ እንዳይነካው ጥርቅም አድርጌ ቆልፌ ሮጥኩ። መንገዱ ለካ የቧንቧ ቀዳዳ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሙክት ጀርባዬን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና «ምንም ሥጋ የለህም፤ እለፍ» አለኝ። «ሳጥኑ ግን አያልፍም። እጠፈው።»

ተቀመጥኩበት፤ ዘለልኩበት፤ ወይ ፍንክች!

«አይ የሰው ነገር!» አለ ሙክቱ። «መጀመሪያ ታጥፋለህ፣ ከዚያ ትቆልፋለህ። የተቆለፈ ነገር ማን አጥፎ ያውቃል?»

አፈርኩ፤ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመለስም። ሳጥኑን ከፈትኩት። ከመጠገኛው በላይ ሰላምታ ተከምሮበታል፦ ደህና ናችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ደህና ናችሁ፣ ከብቱስ፣ ደህና ናችሁ። ሙክቱ አንዷን «ደህና ናችሁ» አስቀረና የተደገሙትን እያነሳ በቦታቸው ጠጠር ጣለ። «ማዶ ያሉት ጠጠር ባዩ ቁጥር ይሏታል። አንዲት ቃል አትጎድልም» አለ። ሳጥኑ ክብሪት አከለ። ያኔ ቆለፍኩትና በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ።

ማዶ ስደርስ ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተኝተው በሽተኞቹ ይመረምሯቸዋል። ማቀዝቀዣው አንገቱ ላይ ፎጣ ጥሎ በላብ ተጠምቋል። ሳጥኑን ከፈትኩለት። ሰላምታው አንድ በአንድ ተብሎ ካላለቀ መጠገኛውን አልቀበልም ብሎ እርፍ! «ኧረ ፍጠን፣ ሴትዮዋ ልትሞትብን ነው!» ብዬ ስጮህ ስልክ ጠራ።

ነቃሁ። የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ወርቅያንሱ ነበረች።

«ሙሉሰው፣ ለደም ማቀዝቀዣው የላክኸው ደረሰ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ትዘንባለች። መጠገኛው ይኸ ነው እንዴ?»

ቀና አልኩ። ከቢሮዬ ወደ ሆስፒታሉ ኮምፒውተር የገባሁበት ቀጭን መስመር አሁንም ክፍት ነው። የመጠገኛውን ፕሮግራም ግን ጠዋት በይለፍ ቃል ቆልፌ ስለላክሁት፣ መስመሩ አጥፎ ሊያሳንሰው ቢሞክርም አልጨመቅ ብሎ ገና መንገድ ላይ ይንፏቀቃል። ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ የተኛሁባት ፊደል ደግሞ ተጨምቃ፣ ሺህ ጊዜ፣ አንድም ሳትጎድል ገብታለች።

«አይደለም ሲስተር፤ እሱ ግንባሬ ነው» አልኳት። «ቆይ፣ ቁልፉን ፈትቼ አሁኑኑ እልከዋለሁ፤ መስመሩ ራሱ አጥፎ ይቆልፈዋል። ደሙስ?»

«እየሞቀ ነው።»